ጥገኛው ጥሎት መኖር የማይችለው ነገር

ጤና ይስጥልኝ። ከሥራችሁም ከጥናታችሁም ጊዜ ሰርቃችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ ያደግሁት አርባ ምንጭ ነው። በሰፈራችን ወባ ያልያዘው ልጅ አላውቅም። ሲያተኩሰን ጤና ጣቢያ ይወስዱናል፣ ጣታችንን ይወጉናል፣ ከዚያ ፋንሲዳር ይሰጡናል። ለትልቅ ሰው ሦስት ክኒን ነበር፣ በአንድ ጊዜ ተውጦ የሚያልቅ፤ እናቶቻችን የሚወዱትም ለዚህ ነበር። እየቆየ ግን አልሠራም አለ። አክስቴ ክኒኑን ውጣ ተሻላት ስንል ብዙም ሳይቆይ ያው ትኩሳት ተመልሶ ጣላት። «ወባው ለምዶታል» አሉ። ምኑን እንደለመደው የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ኢንዛይም ስማር።

ኢንዛይም ሠራተኛ ፕሮቲን ነው። በሕዋስ ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ ይቀይራል። የወባ ጥገኛም (ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ በእኛ የሚኖረው ረቂቅ ፍጥረት)፣ የካላዛርም፣ የእንቅልፍ በሽታም ጥገኛ እንደ ማንኛውም ነፍስ ያለው ነገር ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ ይራባሉ። ዋናውን ሠራተኛ ካቆማችሁባቸው ሥራው ሁሉ ይቆማል። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ያው ሠራተኛ እኛም ውስጥ መኖሩ ነው።

ፋንሲዳርን እንየው። ውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ። ሰልፋዶክሲን የሚባለው ወባው ለራሱ ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ያግዳል። እኛ ያ ኢንዛይም ጭራሽ የለንም፤ ፎሌት የምናገኘው ከጎመኑ፣ ከምስሩ፣ ከምንበላው ነው። ሁለተኛው ፒሪሜታሚን ዲኤችኤፍአር የተባለውን ኢንዛይም ይይዛል። ይኼኛው እኛም አለን። ግን መድኃኒቱ የወባውን ከእኛው እጅግ አጥብቆ ስለሚይዝ ጥገኛው ሲሞት ሰውየው ይተርፋል። ይህ መድኃኒት የወጣው ከመድኃኒት ተመራማሪዎቹ ከጆርጅ ሂቺንግስና ከገርትሩድ ኤሊየን ላብራቶሪ ነው። ሁለቱ በ1988 (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠራው) ኖቤል ሲሸለሙም የተመሰገኑት በዚህ ዓይነት አካሄድ ነበር፤ መጀመሪያ ልዩነቱን ፈልግ፣ ከዚያ ለልዩነቱ የሚሆን መድኃኒት ሥራ።

ታዲያ አክስቴ ለምን አልዳነችም? ወባው የዲኤችኤፍአርን ቅርጽ ትንሽ ቀየረው። 108ኛው ቦታ ላይ የነበረ አንድ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ በሉት)፣ ሴሪን የሚባለው፣ አስፓራጂን በሚባል ሌላ ተተካ። በቃ። ኢንዛይሙ ሥራውን ይሠራል፣ መድኃኒቱ ግን እንደ ድሮው አይዘውም። 51ኛውና 59ኛው ቦታም ሲቀየሩ ነገሩ ባሰ። አገራችን በ1998 የድሮውን የወባ መድኃኒት ክሎሮኪንን ትታ ወደ ፋንሲዳር ዞረች፣ በ2004 ደግሞ ፋንሲዳርን ትታ ኮአርተም ወደሚባለው ሌላ የወባ መድኃኒት። ስድስት ዓመት ብቻ።

እዚህ ጋ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ የወባውን ፈጣን መመርመሪያ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ጠብታ ደም ጠብ ታደርጉና መስመር ትጠብቃላችሁ። ብዙዎቹ የሚፈልጉት ኤችአርፒ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ነገር ግን በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በተደረገ ጥናት ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን የሌላቸው ወባዎች ተገኙ። በሽተኛው እየተንቀጠቀጠ ምርመራው «የለም» ይላል። ወባው ያንን ፕሮቲን ጥሎም ይኖራላ! ሌላው ዓይነት መመርመሪያ ግን የሚፈልገው ኤልዲኤች የሚባል ኢንዛይም ነው፣ እሱን ወባው በቀላሉ መጣል አይችልም። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ወባ ጉልበት የሚያገኘው በአብዛኛው ከደማችን ስኳር ነው፣ በጣም ብዙ ስኳር ይፈጃል፣ መጨረሻ ላይ የሚያወጣው ላክቲክ አሲድን ነው፣ እርጎን የሚያኮመጥጠውን ያንኑ አሲድ። ያንን የመጨረሻ እርምጃ የሚሠራው ኤልዲኤች ነው። «ዋና ኢንዛይም» ስንል እንዲህ ያለውን ማለታችን ነው። የወባው ኤልዲኤች ከእኛው በቅርጽ ስለሚለይም ብዙ ተመራማሪ ደክሞበታል። መድኃኒት ሆኖ የወጣ ግን እስካሁን የለም። ዋና መሆኑ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

አሁን ወደ እንቅልፍ በሽታ። ከብት ያለው ቤት ያደጋችሁ ገንዲን ታውቁታላችሁ። የሰውን የሚያመጣው የዚያው የገንዲ ዘመድ ነው፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ። ኤፍሎርኒቲን የሚባል መድኃኒት አለ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለካንሰር ተብሎ የተሠራ። ለካንሰሩ የታሰበውን ያህል አልሆነም። ራሳቸውን ስተው የነበሩ የእንቅልፍ በሽተኞችን ግን አነቃ፣ ከሞት የሚያስነሳ መድኃኒት እስኪባል ድረስ። የሚያግደው ኦርኒቲን ዲካርቦክሲሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው። የሚገርመው፣ ይህ ኢንዛይም እኛም አለን፣ መድኃኒቱም የእኛውን አጥብቆ ይይዛል! ታዲያ ለምን አይገድለንም? የእኛ ሕዋስ ይህን ኢንዛይም በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ እያፈረሰ አዲስ ስለሚሠራ ነው። የታገደው ይጣላል፣ አዲሱ ይተካል። ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ያለው የጋምቢየንሴ ዓይነት ጥገኛ ግን ኢንዛይሙን ለረጅም ሰዓት ሳይቀይር ስለሚያቆየው አንዴ ከታገደ ታገደ ነው። ልዩነቱ ቅርጹ ላይ አልነበረም፣ የመታደስ ፍጥነቱ ላይ ነበር። ቅርጹን ብቻ ያየ ሰው ይህን ኢንዛይም ገና ከጅምሩ ይጥለው ነበር።

በእኛ በኩል፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ሮዴሲየንሴ የሚባለው ነው። እሱ ኢንዛይሙን ቶሎ ቶሎ ያድሳል፣ ስለዚህ ኤፍሎርኒቲን አይረባውም። በ2022 ይህ በሽታ ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሞ ዞን ውስጥ ሰው ላይ ሲገኝ፣ ያውም እኔ ባደግሁበት አካባቢ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነበር። በሽታው ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ ይሰጥ የነበረው መድኃኒት ሜላርሶፕሮል ነው፣ አርሴኒክ ያለበት፣ ከሚወስዱት መቶ ሰዎች አምስት ያህሉን ራሱ የሚገድል። አሁን ደግነቱ ፌክሲኒዳዞል የሚባል ክኒን መጥቷል። የሚሠራበት መንገድም ደስ ይላል፤ የጥገኛውን ኢንዛይም አያግድም፣ ይጠቀምበታል። ናይትሮሪዳክቴዝ የሚባለው የጥገኛው የራሱ ኢንዛይም መድኃኒቱን ወደ መርዝ ይቀይረውና በዚያው ይሞታል።

አንድ ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ። ኤፍሎርኒቲን ትርፍ የለውም ተብሎ በ1990ዎቹ መመረቱ ቆሞ ነበር። በ2000 ግን ያው መድኃኒት የሴቶችን የፊት ፀጉር የሚቀንስ ክሬም ሆኖ ሀብታም አገር ገበያ ወጣ። ለበሽተኞቹ እንደገና የተመረተው ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የዓለም ጤና ድርጅት ከወተወቱ በኋላ በ2001 ነው። የጋሞን ገበሬ በሽታ ሌላ ሰው ቶሎ ይሠራልናል ብለን እንዳንቀመጥ ነው ይህን የማነሳው።

ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪዎቹ። ብዙዎቻችን የምንሠራው አንድ ነው፤ ተክል ይለቀማል፣ ይጨመቃል፣ ወባ ያለባት አይጥ ትጠጣዋለች፣ ጥገኛው በዚህን ያህል ቀነሰ ብለን እንጽፋለን፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ግን የትኛውን ኢንዛይም ነካ? ያ ኢንዛይም ቢታገድ ጥገኛው በሌላ መንገድ ይዞር ይሆን? የሰውንስ አብሮ ይነካል? እነዚህን ካልጠየቅን ተክሉ ከዚያ መደርደሪያ አይወርድም።

ከዚህ ዓመት ጀምራችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የጥገኛውን ኢንዛይም በለካችሁ ቁጥር ከጎኑ የሰውን አስቀምጡና እኩል ለኩ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መጠን። የሰው ኤልዲኤች መለካት ውድ አይደለም፣ ብዙ ሆስፒታል ላብራቶሪ ይሠራዋል። ኢንዛይሙን ማዘጋጀት የከበዳችሁ እኔ ጋ ኑ፣ አብረን እንሠራዋለን፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ላብራቶሪው ክፍት ነው። አመሰግናለሁ፣ አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።