ቺያንግ ያልተገኘበት ፎቶግራፍ

ውድ አድማጮቼ፣ ባለፈው ክፍል በቻይናዊው ፖለቲከኛ በሊያኦ ዦንግካይ ግድያ ላይ ስናቆም ወደ ፎቶግራፉ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ከልቤ አልወጣም።

ኖቬምበር 1 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው። የቻይና ገዢ ፓርቲ የነበረው የኩኦሚንታንግ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት በመዲናዋ በናንጂንግ ውስጥ ስብሰባቸውን ከፍተው ለመታሰቢያ ፎቶግራፍ ደጅ ላይ ተሰልፈዋል። ካቢኔውን የሚመራው ዋንግ ጂንግዌይ ከፊት ቆሟል፤ የጦሩ አዛዥ ቺያንግ ካይሼክ ግን በሰልፉ ውስጥ የለም። ፎቶው ተነሥቶ ሰዉ ወደ አዳራሹ መመለስ ሲጀምር፣ ከጋዜጠኞቹ መካከል ሱን ፌንግሚንግ የተባለ ወጣት ሽጉጥ መዝዞ ዋንግን በሦስት ጥይት መታው። አንጋፋው ዣንግ ጂ ወጣቱን ከኋላ ጨምድዶ ያዘው፣ ጄኔራል ዣንግ ሹዌሊያንግም በእርግጫ ጣለው።

ደጋግሜ የማስበው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የዋንግ ባለቤት ቼን ቢጁን፣ ራሷም የፓርቲው ነባር ታጋይ፣ ምርመራ ሳይጀመር ግድያውን ያስሞከረው እሱ ነው ብላ በመጠርጠር ቺያንግን ፊት ለፊት ጠየቀችው። የሱን ፌንግሚንግ ዋና ዒላማ ግን ቺያንግ ራሱ ነበር፤ ወጣቱ ሻንጋይ ላይ ጃፓንን በተዋጋው በ19ኛው ሠራዊት ያገለገለ፣ መንግሥቱ ለጃፓን ባሳየው ለዘብተኛነት የተቆጣ ሰው ነው።

ታዲያ በእሷ ልፈርድባት እችላለሁን? ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1931 ቺያንግ በጊዜያዊው ሕገ መንግሥት ጉዳይ የተቃወመውን የፓርቲውን ነባር መሪ ሁ ሃንሚንን እራት ጋብዞ አሠረው። እንግዳን ከማዕድ ጠርቶ ማሠር! የሁ ሃንሚን ደጋፊዎች በደቡባዊቷ ከተማ ጓንግዡ ላይ ሌላ መንግሥት አቆሙ፤ ጃፓን ማንቹሪያን እየወረረች ሳለ አንዱ ፓርቲ በሦስት ከተሞች ሦስት ጉባኤ አካሄደ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

ዋንግ አንዱ ጥይት በጀርባው ውስጥ ቀርቶ ለዓመታት ኖረ፤ በ1938 መጨረሻ የጦርነቱን ጊዜ መዲና ቾንግቺንግን ጥሎ ወጣ፣ በ1940ም በጃፓን ጥላ ሥር ናንጂንግ ላይ መንግሥት መሠረተ። ወደዚያ የገፋው የቆየው ጥርጣሬ ነው ልል እቃጣና፣ ለከሐዲነቱ ምክንያት ያበጀሁለት ስለሚመስለኝ እተወዋለሁ። ምናልባት ከሁ ሃንሚን ብነሣ ይሻል ይሆናል፤ በዲሴምበር 1935 ፓርቲው የቋሚ ኮሚቴው ሊቀመንበር አድርጎ መርጦት ሳለ፣ ወደ ናንጂንግ ሳይመለስ በሜይ 1936 ጓንግዡ ውስጥ ሞተ። ያንን እራት አስቦ ይሁን፣ ወይስ የደቡቦቹ ጄኔራሎች አንለቅህም ብለውት...