ያ ክብ ምስል ለማን ነበር? የብሪታንያ ቴሌቪዥን አንድ ቀን፣ 1963

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ ብሪታንያ ነን፣ ዓመቱ 1963፣ በፈረንጆች ማለቴ ነው። ጠዋት ቴሌቪዥኑን ከፈትን። ቫልቮቹ፣ በውስጡ ያሉት የመስታወት ቱቦዎች፣ እስኪሞቁ ጠበቅን። ከዚያስ? ሰው የለም፣ ዜና የለም። ክብ፣ ጭረት፣ ከጀርባ ሙዚቃ። በቃ! ይህ ቴሌቪዥን የሚስተካከልበት የሙከራ ምስል፣ «ቴስት ካርድ» ነው።

አስተያየት መስጫው ላይ «የሚያሳዩት ስላጡ ነው» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። አይደለም! ሰዓቱን የሚቆርጠው መንግሥት ነበር። የፖስታ ሚኒስትሩ ለአንድ ጣቢያ በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ይፈቅዳል፤ የትምህርት ፕሮግራምን የመሰሉት ለብቻ ይታሰባሉ። ገደቡ የተነሣው በ1972 ነው። እና ጣቢያው ሰዓቱን ይቆጥባል፦ በትምህርት ሰዓት ለተማሪዎች፣ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ለሕፃናት፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ለልጆች፣ ማታ ዜናው፣ ድራማው፣ ቀልዱ። እኩለ ሌሊት ገደማ መዝሙር፣ ደህና እደሩ። በመሃል ያለው ክፍተትስ? ክቡ የሚተላለፍበት፣ የቴሌቪዥን ሱቅና የጠጋኝ ሰዓት ነው። ምስል ካልተላለፈ ሻጩ ምን ያሳያል? ጠጋኙስ በምን ይለካል?

ምስሉ እንዴት ይሣላል? እርሻ አስቡ። ማሳው ስክሪኑ፣ ማረሻው የኤሌክትሮን ጨረሩ። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ትልም ያወጣል። እንደኛ ገበሬ ግን እያረሰ አይመለስም፤ ማረሻውን ነቅሎ፣ ባዶውን ሮጦ፣ እንደገና ከግራ። ደግሞ ትልሙን እየዘለለ ነው! አንዱን ያርሳል፣ አንዱን ይተዋል፣ ታች ይደርሳል። ከዚያ ከላይ ጀምሮ የተዋቸውን። ሁለቱ ዙር ተደምሮ 405 ትልም፣ በሴኮንድ 25 ሙሉ ማሳ። ይህን የሚያርስ በሬ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እገዛለሁ። አባዙት፦ በሴኮንድ 10,125 ትልም። ያ ከቴሌቪዥኑ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ይኸው ነው።

አሁን ፈጠን እንበል፤ ጠጋኙ በክቡ እንዲህ ይለካል። ክቡ እንቁላል ከመሰለ የምስሉን ቁመት አስተካክል። ምስሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተንከባለለ የቁም መያዣውን፣ በሰያፍ ከተቀዳደደ የአግድሙን ማዞሪያ ነካ አድርግ። ወፍራሙ ጭረት ጠርቶ ቀጭኑ ግራጫ ከሆነ ጣቢያው በደንብ አልተያዘም። ከክቡ በስተቀኝ ሌላ ደብዛዛ ክብ ካለስ? ሞገዱ ኮረብታ ወይም ሕንፃ መትቶ፣ ዘግይቶ ደርሷል፤ እስኪደርስ ማረሻው ወደ ቀኝ ሄዷል። አንቴናውን አዙር እንጂ ቴሌቪዥኑን አትፍታ! ለእኔ ከዚያ ዘመን ፕሮግራሞች ሁሉ ጠቃሚው ይኸው ክብ ነው፤ የድራማ ወዳጆች ተቆጡኝ።

አሮጌ ዕቃ የምትሰበስቡ፣ ስሙኝ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የብሪታንያ ቴሌቪዥኖች የብረት አካላቸው በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ ብረቱ ራሱ ይይዛል። ነቅላችሁም ቢሆን የምስል ቱቦው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አምቆ ሊቆይ ይችላል። ቻርጁ የሚወጣበትን መንገድ በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያለሁ፤ እስከዚያ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የኋላ ክዳኑንም አትክፈቱ።