በ90 ቀንና በ6 ወር መካከል

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ድምፄ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የሚመጣው። ከጀርባ የብረት በር ሲጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፣ ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ጡት ማጥባት ነው የማወራው። ምክሩን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ልጁ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ እንገሩ አይደፋ፣ እስከ 6 ወር ውኃም ቢሆን አይቅመስ፣ ከዚያ ምግብ እየተጨመረ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። ታዲያ ይህን ያህል የምናውቀው ነገር ለምን መሃል ላይ ይቋረጣል?

በ2008 ዓ.ም የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንድ ነገር ያሳያል። 6 ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። ይሄ አማካዩ ነው። ገና 2 ወር ያልሞላቸውን ብቻ ስታዩ ግን 74 በመቶ ይሆናል። 4 እና 5 ወር የሆናቸው ጋ ስትደርሱ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል።

እናትየዋ በነዚህ ወራት ውስጥ ምክሩን አልረሳችውም። የተለወጠው ቤቱ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ አስቡት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ ሰው በሰው ነው። የአራሷ እናት ከክፍለ ሀገር መጥታለች። ገንፎ ይገነፋል፣ ጠያቂው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ይገባል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሳል። በማግስቱ እናት "እኔም ቤት አለኝ" ብላ ሻንጣዋን ታነሳለች። ባል በሕጉ የተሰጠው የ3 ቀን ፈቃድ ድሮ አልቋል። አራተኛ ፎቅ ላይ አንቺና ሕፃኑ ትቀራላችሁ። ውኃ ስትመጣ ደግሞ ባልዲ መሙላቱም የአንቺው ሥራ ነው።

አጥሚት ወተት ያመጣል ይባላል። ወተቱን የሚያመጣው በዋናነት ልጁ ራሱ ነው። በሳበ ቁጥር ይመረታል፣ ጡት ሞልቶ ሲቀመጥ ምርቱ ይቀንሳል። አጥሚቱን ግን እኔ አልንቀውም። አጥሚት ያለበት ቤት አጥሚት የሚያሞቅ ሰው አለ። አዲስ የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ሌላ ሰው ጨርቁን ካላጠበ፣ ወጡን ካልሠራ፣ ያቺ እናት መቼ ልትቀመጥ ነው? ስለዚህ አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሕፃኑን ተቀብሎ ማቀፉ ጥሩ ነው፣ ግን ዕቃውን ብታጥቡላት ይሻላታል።

ሌላው አጠገቧ ሆኖ የሚያሳያት ሰው ነው። የኔ ጡት ጫፉ ቆስሎ ነበር። ልጄ አፏን ስትከፍት እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። በወለድኩበት ቦታ "በደንብ አስይዣት" ተብዬ ነበር፣ እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አላሳየኝም። ያዳኑኝ ከታች ፎቅ ያሉ እናት ናቸው። ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩኝና "ልጄ፣ አንቺ ወደ እሷ አትጎንበሺ፣ እሷን ወዳንቺ አምጫት" አሉኝ። ጀርባዬን በትራስ ደገፉት። የልጄን ሆድ ከሆዴ አገጣጠሙት። "ቆይ፣ አፏን በደንብ እስክትከፍት ጠብቂያት" አሉ። ስትከፍት ጠጋ አደረጓት። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር ጎረሰች። አገጯ ጡቴን ነካ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ስትውጥ ድምፁ ተሰማኝ። ሕመሙም ቀለል አለኝ። ቡናቸው ግን ቀዝቅዞ ነበር፣ እንደገና አፈላሁላቸው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ጠያቂ "ወተትሽ አይበቃትም መሰለኝ" የሚለው ነው። በፍቅር ነው የሚባለው፣ ግን ልብ ያወርዳል። ያን ቀን ማታ ጡጦ ይገዛል። በጡጦ ስትጠግብ ከጡት ትሸሻለች፣ ጡቱ ያጋታል፣ ቀስ በቀስ ወተቱ በእርግጥም ያንሳል። ልጅ ደግሞ በብዙ ምክንያት ያለቅሳል። ከለቅሶው ይልቅ ሽንቱን ተመልከቱ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የምትሸና፣ ክብደቷም የሚጨምር ከሆነ በቅቷታል። በ45 ቀን ለክትባት ስትሄዱ አስመዝኗት። ኪሎ ካልጨመረች ያኔ ባለሙያ ያነጋግራችሁ። የጎረቤት ግምት አይበቃም።

አሁን ወደ 90ው ቀን ልምጣ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ሐኪሙ 6 ወር ይላል፣ ሕጉ 3 ወር። የቀረውን 3 ወር ማን ይሙላው? የምሠራው መገናኛ ሰፈር ነው። ከኮዬ ጨለማ ሳይለቅ ሰልፍ ይዤ፣ ስመለስም መሽቶ ነው። በተለይ እኛ ዳር ላይ ያለነው የመንገዱ ሰዓትም ከማጥቢያው ላይ ይቀነሳል።

የሠራልኝን ልንገራችሁ። ከመውጣቴ በፊትና እንደገባሁ አጠባለሁ፣ ሌሊቱን ደግሞ አልቆጥብባትም። ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ እጄን ታጥቤ በእጄ አልባለሁ። ካልታለበ ጡቱ ማጋቱ አይቀርም። የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ከጠፋ ግን አትመኑት። ልጄን የምትይዝልኝ ልጅ በንጹህ ሲኒ ነው የምታጠጣት። ሲኒ ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ ይቀላል።

የሥራ ኃላፊ ሆናችሁ የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ የሚያስፈልገው ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ አንድ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ውኃ ነው። መጸዳጃ ቤት አይቆጠርም። በሚቀጥለው ስለ ምግብ ማስጀመር እናወራለን፣ ደህና ሁኑ።