ባንዶል ከስጋ ጋር

ውድ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ብርጭቆአችሁ ውስጥ ያለው ባንዶል የተባለው ቀይ ወይን ነው። ባንዶል በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ በሚባለው አካባቢ፣ ከማርሴይ ወደ ቱሎን ስትሄዱ የምታገኟት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ወይኑ የሚበቅለው ግን ከከተማዋ ጀርባ ባሉት ኮረብቶች፣ በድንጋይ ካብ በተያዙ እርከኖች ላይ ነው። እዚያ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ሚስትራል የሚሉት ደረቅ ነፋስ ደግሞ ወይኑን ከሻጋታ ይጠብቀዋል።

የዚህ ወይን ነፍስ ሙርቬድር የሚባለው የወይን ዘር ነው። ቶሎ አይበስልም፤ ሙቀት ይፈልጋል። የፕሮቫንስ ገበሬዎች «ፊቱን ለፀሐይ፣ እግሩን ለውሃ» ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ የተባለች ሥር የምታጠቃ ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ስታወድም፣ ብዙ ገበሬ በሙርቬድር ፋንታ ብዙ ምርት የሚሰጥ ዘር ተከለ። ሙርቬድርም ከአካባቢው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ባንዶል በ1941 እ.ኤ.አ. በሕግ የተጠበቀ ስም ሲያገኝ፣ ሉሲየን ፔይሮ የተባሉት የዶሜን ታምፒዬ የወይን እርሻ ባለቤትና ጎረቤቶቻቸው ይህን ዘር መልሰው ለማስፋፋት ታገሉ። ዛሬ ቀዩ ባንዶል ቢያንስ ግማሹ ሙርቬድር መሆን አለበት። ቢያንስ 18 ወር በእንጨት በርሜል ይቆያል። ፔይሮና ጎረቤቶቻቸው ለትርፍ ቢሉ ኖሮ ቀላሉን መንገድ ይዘው ይቀሩ ነበር። ይህን ወይን ሳከብር እነዚህን ሰዎች ነው የማከብረው።

አሁን አሽትቱት። መጀመሪያ ቆዳ ቆዳ፣ ትንሽም ጭስ ጭስ ሊል ይችላል። አትደንግጡ፤ አልተበላሸም። ሙርቬድር ገና ሲከፈት እንዲህ ነው። ብርጭቆውን አዙሩትና ትንሽ ጠብቁት። ጥቁር እንጆሪ ይመጣል፤ ከዚያ የደረቀ ቅጠል ሽታ ይከተላል። የጥብስ ቅጠል የሸተተው አለ? ልክ ነው፤ የእኛ የጥብስ ቅጠል በፕሮቫንስ ኮረብታ ላይ እንደ ልቡ ይበቅላል።

ከዚያ ጥቂት ተጎንጩና አፋችሁ ውስጥ አቆዩት። ድድ ላይ ጭምድድ የሚያደርገው ታኒን ነው። በጣም የጠቆረ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ስትጠጡ የምታውቁት ስሜት ነው። ታኒን በምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አፍ ይደርቃል። ስጋ ስትጎርሱ ግን የስጋው ፕሮቲንና ስቡ ያለዝቡታል። ለዚህ ነው ባንዶልን ያለ ምግብ ቀምሳችሁ እንዳትፈርዱበት የምለምናችሁ።

የትኛው ምግብ? በጥብስ ቅጠልና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ የበግ ስጋ አንደኛ ነው። ፕሮቫንሶች ደግሞ ዶብ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ የበሬ ስጋ በቀይ ወይን፣ በብርቱካን ልጣጭና በጥቁር ወይራ ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚበስል። ግሩም ነው! ከእኛ ቤት ለዘብ ያለ ጥብስ እመርጣለሁ። ለብ ለብ ክትፎም ሚጥሚጣው ቀለል ካለ ቅቤው ያግዘዋል።

ዶሮ ወጥን ግን ተዉት። ይህ ወይን 14 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው፤ አልኮልና ታኒን ሲደመሩ የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል። ወጡም ወይኑም ጣዕማቸውን ያጣሉ። ለዶሮ ወጥ ሮዝ ቀለም ያለው ባንዶል ሮዜ ቀዝቀዝ ተደርጎ ይሻላል። ለስላሳ ጠጃችን ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ቤታችሁ ስታቀርቡ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። የበጋ ሙቀት ካለ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ወጣት ጠርሙስ ከሆነ ከምግቡ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጡት። ትዕግሥቱ ያላችሁ 10 ዓመት አቆዩት፤ ጥሩው ባንዶል ከዚያም በላይ ይሄዳል። የተረፈውንም አትድፉ። በቡሹ ክደኑትና በማግስቱ ቅመሱት፤ ብዙ ጊዜ ለስልሶ ታገኙታላችሁ።

ስጋው ደርሷል። መልካም ማዕድ!