ፕላዝማው አይቆምም ነበር

እንደምን አደራችሁ፣ የጠመኔ ጓደኞቼ። ከሞጣም፣ ከቢቸናም፣ ከፍኖተ ሰላምም ደብረ ማርቆስ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መንገዱን ስለማውቀው ነው።

እንግሊዝኛን በቪዲዮ ስለማስተማር ተናገር ስባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ፕላዝማ፣ ያ የክፍላችን የትምህርት ቴሌቪዥን ነው። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ገብቷችኋል።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲመጣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይለቀቃል። ሥዕሉ ያምራል። እንግሊዝኛው ግን የክረምት ጎርፍ ነው። ሴትዮዋ ትጠይቃለች፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ እኛ ጥያቄውን ገና እየገለበጥን «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። ማንም አልመለሰም እኮ! መምህራችን ጥግ ላይ ቆሞ ያየናል፣ እኛም እናየዋለን። አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ተነስቶ «እትዬ፣ ቆይ አንዴ!» አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ግን ቀጠለች።

ዛሬ ሳስበው ነገሩ ከሁላችንም ቀድሞ የገባው ለዚያ ልጅ ነው። ስርጭቱን ማቆም አይቻልም፣ ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም። አሁን ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ግን ይቆማል። ቪዲዮን ለቋንቋ ትምህርት የሚያበቃው ይኸው ማቆሚያ ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።

ደግሞ እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ዋሸራና ዲማን የመሰሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ያሉበት አገር ሰዎች ነን። የቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን የሚቀበለው ማታ፣ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ ነው። የኔታ ይላሉ፣ እሱ ይቀበላል። ከሳተ ይመለሳል። ሳይጠና ወደ ቀጣዩ አይታለፍም። እኛ ግን የአንድ ሰዓት ፊልም ከፍተን፣ ክፍሉን አጨልመን፣ ልጆቹ ሲስቁ «እንግሊዝኛ ተማሩ» እንላለን። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልደብቅም። በተለይ ዓርብ ከሰዓት።

ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይበቃል። ይተርፋል እንጂ።

ተናጋሪው «ቲንክ» የምንላትን ቃል ሲል አፉ ላይ አቁሙት። የኛ አፍ «ቲንክ» ወይም «ሲንክ» ነው የሚለው፣ ድምፁ በአማርኛ የለማ! ምላስ በጥርስና በጥርስ መካከል ብቅ ማለቱን ሰሌዳ ላይ ስዬ ለማሳየት ስንት ዓመት ደከምኩ። ልጆቹ የሣልኩትን አይተው እንቁራሪት ነው ወይ አሉኝ። የቆመ ቪዲዮ ላይ ግን ምላሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወይም ደግሞ መጽሐፉ «ጎይንግ ቱ» ብሎ ያስተማራቸውን ሰውየው «ጎና» ብሎ ሲያልፍ አቁሙና «ስንት ቃል ሰማችሁ?» በሏቸው። ሦስት ጊዜ መልሱ። ካልያዙት ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉ። ከዚያ በታች ስትወርዱ ሰውየው የሰከረ ይመስላል፣ ትምህርቱም ይቀራል።

ከሥር ስለሚወጣው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንከራከራለን። የአማርኛ ይሁን ወይስ የእንግሊዝኛ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት አለ። እንግሊዝኛ የሚችሉ የኔዘርላንድ ሰዎች የማያውቁትን የስኮትላንድና የአውስትራሊያ አነጋገር በቪዲዮ እንዲያዩ ተደረገ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያዩ የሰሙት ጆሯቸው አነጋገሩን ለመደ። በራሳቸው ቋንቋ እያነበቡ የሰሙት ግን ባሰባቸው። አይደንቅም፤ አማርኛ ከሥር ካለ ዓይን ያነባል፣ ጆሮ ይተኛል። ታሪኩን ለመረዳት አማርኛው ይጠቅማል። ጆሮ ለማሠልጠን ከሆነ እንግሊዝኛውን አብሩ።

እኔ በጣም የምወደው ግን ድምፁን ማጥፋት ነው። አንድ ጊዜ እናቴ እንጀራ ስትጋግር በስልኬ ቀረጽኳት። ድምፁን አጠፋሁና ተማሪዎቼን «በእንግሊዝኛ ተርኩልኝ» አልኳቸው። ምጣዱን አለፉ። አክንባሎው ላይ ትንሽ ተንገዳገዱ፣ «ክዳን» ብለው ገላገሉት። አብሲት ላይ ሲደርሱ ጉድ ፈላ። አብሲት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? እኔም አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ልጅ ተነሳች። ከሊጡ ትንሽ ይቀነሳል፣ በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ይበስላል፣ ሲበርድ ወደ ሊጡ ይመለሳል ብላ በአምስት ዓረፍተ ነገር አስረዳች። ሰዋስዋ ተሰባብሯል። ግን ገባን! ለንደን ጎዳና ላይ ስለሚሄድ አውቶቡስ ብጠይቃት ይህን ትናገር ነበር? አይመስለኝም።

መብራትስ? ኢንተርኔትስ? ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ፣ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ እናንተው ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ሚሞሪ ካርድ የምወደው። ኔትወርክ ሲገኝ ታወርዳላችሁ፣ በዜንደር ትቀባበላላችሁ። ፕሮጀክተር ከሌለ ክፍሉን ከሁለት ክፈሉት። ግማሹ ጀርባውን ይስጥ፣ ግማሹ በየተራ እየመጣ ስልኩን አይቶ ለጀርባ ሰጪዎቹ በእንግሊዝኛ ይንገር። ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ጫጫታው አይጣል ነው። ርዕሰ መምህሩ ብቅ ካሉ አትደንግጡ፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚጮኹት በሏቸው።

በሉ ብዙ አወራሁ። መብራቱ ሳይሄድ ይህን እንይ። አርባ ሰከንድ ነው። የቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሴትዮዋ ከበርበሬ ነጋዴው ጋር እየተከራከረች ነው፣ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። እዚህ ጋ አቆምኩት፣ እጇን ስታነሳ። ምን አለችው? በእንግሊዝኛ። ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ከእናንተ እንጀምር።