ከመጋዝ ምላጭ የተሠራች የሞርስ መለማመጃ

አቅራቢዋ፦ ጤና ይስጥልን፤ ከጎንደር ነን። እስቲ መጀመሪያ ይህን ስሙልኝ።

(ቡዘር፣ ማለትም ትንሽ የድምፅ ማውጫ፣ ይጮኻል፦ ዳ-ዲ-ዳ)

አቅራቢው፦ ኬ! የእንግሊዝኛዋ ፊደል ኬ። ጥርት ብላ ወጣች።

አቅራቢዋ፦ የሞርስ መለማመጃዬ ናት፣ ጋሼ። ለማያውቁት፣ ሞርስ ማለት ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ፣ በዲትና በዳ፣ መላክ ነው። እዚሁ ቤት ነው የሠራኋት። መቀመጫዋ የጣውላ ቁራጭ ነው። መምቻዋ የብረት መጋዝ ምላጭ ነው፣ ሰጌቶ የምንለው። አንዱን ጫፍ ጣውላው ላይ በብሎን አሰርኩት፣ ሌላው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የናስ ብሎን አለ፤ ምላጩን ስጫነው ብሎኑን ይነካል፣ ስለቀው ይመለሳል። ጣት ማሳረፊያው የሃይላንድ ክዳን።

አቅራቢው፦ ሰጌቶ መምረጥሽን ወደድኩት። ብረቱ ራሱ ስለሚመለስ ሌላ ስፕሪንግ አያስፈልግሽም። ክፍተቱን ግን አታስፊው፤ ጣት ብዙ በተጓዘ ቁጥር ይደክማል።

አቅራቢዋ፦ አንድ ማታ ሙሉ አስቀምጦኛል እኮ! ሁሉን አገናኝቼ ስጫን፣ ጸጥ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሽቦ ፈትቼ አሰርኩ። ለካ ምላጩ ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

አቅራቢው፦ ሽቦው የሚታሰርበትንም፣ ብሎኑን የሚነካበትንም ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ብረቱን ማውጣት ነው።

አቅራቢዋ፦ ፈገፈግኩት። ከዚያ ደግሞ ቡዘሯ አንዴ «ቀጭ» ብላ ዝም።

አቅራቢው፦ ከየት ያመጣሻት ናት?

አቅራቢዋ፦ ከአሮጌ ኮምፒውተር ቦርድ የነቀልኳት።

አቅራቢው፦ ነገሩ እሱ ነው። ቡዘር ሁለት ዓይነት ነው። አክቲቭ የሚሉት ድምፅ የሚያመነጭ ሰርኪት ውስጡ አለው፤ ባትሪ ሲያገኝ ይጮኻል። ፓሲቭ የሚሉት ግን ከውጭ ሲግናል ይፈልጋል፤ ባትሪ ብቻ ብትሰጪው ቀጭ ነው። እናንተም ሱቅ ስትሄዱ ባትሪና ሁለት ሽቦ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስጩኻችሁ ግዙ።

አቅራቢዋ፦ እኔም እንዲያ አደረግኩ። ሽቦው ቀላል ነው፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ምላጩ፣ ከናሱ ብሎን ወደ ቡዘሯ ፖዘቲቭ እግር፣ ከሌላው እግር ተመልሶ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ። ሦስት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ደረደርኩ፣ 4.5 ቮልት። ብየዳ የለ፤ ጠምዝዤ በናስትሮ ጠቀለልኩት። መብራት ቢጠፋም ልምምዴ አይቋረጥም።

አቅራቢው፦ የአሮጌ ሞባይል ባትሪ ግን አደራ፣ አትጠቀሙ። ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ ወዲያው ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ባሰ።

አቅራቢዋ፦ የቡዘሯ ድምፅ ግን ትንሽ ጆሮ ይበሳል። ለጊዜው ቀዳዳዋ ላይ ናስትሮ ለጥፌያለሁ።

አቅራቢው፦ ሲመችሽ ለፓሲቭ ቡዘር ሲግናል የምታመነጨውን፣ 555 የምትባለዋን ቺፕ ሞክሪ። በተለመደው አሠራር ባለ 1 እና ባለ 10 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር፣ ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብትሰጪያት ወደ 690 ኸርዝ አካባቢ ትጮኻለች። ለጆሮ የለሰለሰ ነው፤ ሰዓታት ብትሰሚው አይሰለችሽም።

አቅራቢዋ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ የሚሉን አሉ።

አቅራቢው፦ ለዚህ አያስፈልግም፤ አየር ላይ የሚያሰራጭ ነገር የለውም። ሬዲዮ ይዞ ማስተላለፍ ሲመጣ ነው ፈቃድ የሚጠየቀው።

አቅራቢዋ፦ እኔ ዲቱን በነጥብ፣ ዳውን በሰረዝ ሠንጠረዥ ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ።

አቅራቢው፦ አውርጂው፣ እባክሽ! ዛሬ ልናገር የመጣሁት ይህንኑ ነው። አባቴ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። የቃል ትምህርቱን ማታ በጨለማ ነው የተማሩት፤ መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ተቀብሎ ይላል። ዜማው ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አይወጣም። ሞርስም እንዲያ ነው። በደቂቃ 12 ቃል ስትልኪ አንዷ ዲት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ናት፤ ዳዋ ሦስት እጥፍ። ማን ቆጥሮ ይደርሳል? ሠንጠረዥ የለመደ ሰው ይሰማል፣ ይቆጥራል፣ ግድግዳውን ያያል፤ እስከዚያ ቀጣዩ ፊደል አልፏል።

አቅራቢዋ፦ ታዲያ በምን ልጀምር?

አቅራቢው፦ በሁለት ፊደል። ኮህ የተባለ ጀርመናዊ በ1930ዎቹ ያመጣው ዘዴ አለ፤ ገና ከመጀመሪያው በሙሉ ፍጥነት፣ ግን በሁለት ፊደል ብቻ። ዛሬ ብዙዎች በኬና በኤም ይጀምራሉ፤ ዳ-ዲ-ዳ እና ዳ-ዳ። ከአሥሩ ዘጠኙን ስትለዪ አንድ ፊደል ትጨምሪያለሽ። ቀስ ብለሽ ከጀመርሽ መቁጠር ትለምጃለሽ፣ ኋላ እሱን ማስተው ነው የሚከብደው።

አቅራቢዋ፦ እሺ፣ እስቲ የ«ጎንደርን» መነሻ ልሞክር። ጂ።

(ዳ-ዳ … ዲት)

አቅራቢው፦ እኔ የሰማሁት ኤም እና ኢ ነው።

አቅራቢዋ፦ እንዴት?

አቅራቢው፦ ከዲቷ በፊት ቆምሽ። በአንድ ፊደል ውስጥ ያለው ክፍተት አንድ ዲት ያህል ብቻ ነው፤ ሦስት ዲት ከጠበቅሽ ፊደሉ ተዘጋ ማለት ነው። አትቁጠሪ፣ በአፍሽ ዳዳዲት በይና ጣትሽ ይከተል።

(ዳ-ዳ-ዲት)

አቅራቢው፦ ጂ!