በጥር ተረክቦ በነሐሴ የሚፈተን ቁም ሳጥን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። የዛሬውን ክፍል ብቻዬን ነው የማቀርበው፤ የማነሣውም የራሴን ሙያ፣ የእንጨት ሥራን ነው። አንድ ሰው ለራሱ ቤትና ለራሱ ልክ ዕቃ ሊያሠራ ወደ ወርክሾፓችን ሲመጣ፣ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «በእጅ ነው የምትሠራው ወይስ በማሽን?» ብሎ ነው። ጠያቂዎቹ ሁለት ወገን ናቸው፦ ገሚሱ በእጅ የተሠራ ዕቃ ይጠነክራል ብሎ ያምናል፣ ገሚሱ ደግሞ ማሽን ያልነካው ዕቃ ልኩን አይጠብቅም ይላል። እኔ ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ጅማ ውስጥ የሚሠራ ቁም ሳጥን ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በነሐሴ ነው። የትኛውን ሥራ ለማሽን፣ የትኛውን ለእጅ እንደምሰጥም የሚወስንልኝ ይኸው ወር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት የምታገኘውም ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ መስከረምን ያልፋል እንጂ እንደ ሰሜኑ አገር በሁለትና ሦስት ወር ተጠናቅቆ አይሄድም። እንጨት ደግሞ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት መቀበሉንና መልሶ መስጠቱን አያቆምም፤ ቫርኒሹ ያዘገየዋል፣ አይከለክለውም። የአየሩ እርጥበት 50 ከመቶ በሆነበት ቤት ውስጥ የቆየ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 9 ከመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ የአየሩ እርጥበት 80 ከመቶ ደርሶ እዚያው ሲሰነብት ግን ያው እንጨት ወደ 16 ከመቶ ይወጣል። በጥር ፀሐይና በነሐሴ ጉም መካከል ያለው ልዩነት፣ በአንድ ሳሎን ውስጥ እንኳ፣ ይህንን ያህል ሊሆን ይችላል።

እርጥበቱ ሲገባ እንጨቱ የሚያብጠው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ አናጢ አይቆጥረውም፤ ለውጡ ያለው በስፋቱ ነው። በስፋቱም ቢሆን፣ ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ ከሚሄደው አቅጣጫ ይልቅ የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚዞረው አቅጣጫ የሚያብጠው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ከግንዱ ጠርዝ የተሰነጠቀ ጣውላ እየደረቀ ሲሄድ ወደ አንድ ወገን የሚጎብጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የምግብ ጠረጴዛ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢሰፋ 8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህንን ጠረጴዛ ዙሪያውን በሚስማርና በኮላ ከእግሩ ጋር ጠርቆ የያዘ አናጢ፣ እንጨቱ አንድ ቦታ መሰንጠቁ እንደማይቀር ማወቅ አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገጹን ከሥር የሚይዘው ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ መብሳትና እንጨቱ ወዲያና ወዲህ እንዲል መፍቀድ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ በየቤቱ ተሰንጥቀው የማያቸው ጠረጴዛዎች ብዛት ያስገርመኛል።

ባለፈው የበጋ ወራት አንድ ሐጂ ለልጃቸው ሠርግ ቁም ሳጥን ሊያሠሩ መጡ። እንጨቱ የራሳቸው ነበር፤ ቡናቸውን ሲያጠልል የኖረ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነፋስ ጥሎባቸው፣ በፈቃድ አሰንጥቀው፣ ጣውላውን በመጋዘናቸው ደርድረው አቆይተውታል። ዋንዛ በእኛ አካባቢ ሳሳ ከሚባለው ዛፍ ጋር የቡና ጥላ ነው፤ ለመላጊያ የሚመች፣ ሲላግም ወርቅማ ቡናማ መልክ የሚያወጣ እንጨት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከዝግባ፣ ከኮሶና ከሐበሻ ጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በስም የጠቀሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ዋንዛ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሳገኝ አስቀድሜ ከየት እንደመጣ የምጠይቀውም ስለዚህ ነው።

«በማሽን ነው በእጅ?» አሉኝ እሳቸውም እንደ ሌላው ሁሉ።

«ሐጂ፣ እንጨትዎ ምን ያህል ጊዜ ተደርድሮ ቆየ?» አልኳቸው።

«ሁለት ክረምት አልፎበታል፣ ልጄ። በየመሐሉ ዘንግ አስገብቼበታለሁ።»

ይህ መልስ ለእኔ ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል። አየር በመሐሉ እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ጣሪያ ሥር የተደረደረ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚል የቆየ የሙያ ልማድ አለ። እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ ቦታው ቢለያይም ከልማዱ ብዙ የሚያሳጥር ሰው በኋላ ይከፍልበታል። ትናንት የተሰነጠቀ እርጥብ ጣውላ ገዝቶ ዛሬ በር የሚገጥም ወርክሾፕ ብዙ ነው፤ ገበያው ያስገድዳልና አልፈርድበትም፣ ዕቃውን ግን አልገዛም።

ከዚህ በኋላ ማሽኑ ይመጣል። ጣውላውን ቀጥ አድርጎ መሰንጠቅ፣ ውፍረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ማድረግ፣ አሥራ ስድስቱንም የበር ማቀፊያ ዘንጎች አንድ ልክ አድርጎ መቁረጥ የማሽን ሥራ ነው፤ ይህንን በእጅ እየሠራሁ ደንበኛን የጉልበቴን ዋጋ ላስከፍለው አልፈልግም። በእጅ መጋዝ ዋንዛ ሲሰነጥቅ ውሎ ያደረ ሰው ስለ እጅ ሥራ ቅድስና ብዙ አይናገርም። ነገር ግን የጠረጴዛ መጋዝ ከወርክሾፑ ዕቃ ሁሉ የምፈራው ነው። ዲያሜትሩ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ምላጭ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ሲዞር፣ ጥርሱ በሴኮንድ ከ36 ሜትር በላይ ይጓዛል። ውስጡ የተወጠረ ጣውላ እየተሰነጠቀ ሲሄድ ከኋላ ይዘጋና ምላጩን ይነክሳል፤ ያን ጊዜ ጣውላው ወደ ሠራተኛው ይወነጨፋል። ከምላጩ ኋላ የሚቆመው ቀጭን ብረት ይህ እንዳይሆን ስንጥቁን ከፍቶ የሚይዝ ስለሆነ፣ ሲገዙ አብሮት የመጣውን ብረት «ያስቸግራል» ብሎ ፈትቶ የሚያስቀምጥ ልጅ ከእኔ ጋር አይሠራም። ብናኙንም እንደ ተራ አቧራ ማየት አይገባም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ለካንሰር መንሥኤ መሆኑ ከተረጋገጠው ወገን መድቦታል። ወፍራሙ ሰጋቱራ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ወደ ሳንባ የሚገባው ዓይን የማያየው ነው። ማስክ ርካሽ ነው።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ይህንን እንደ ጉዳት ብቻ አላየውም፤ የእጅ ሥራችንን ለእነዚያ ሰዓቶች እናቆየዋለን።

የማቀፊያው ማዕዘኖች የሚያያዙት ወንዴና ሴቴ በምንለው መጋጠሚያ ነው፦ የአንዱ ዘንግ ጫፍ ምላስ ይወጣለታል፣ በሌላው ላይ ምላሱ የሚገባበት ጉድጓድ ይፈለፈላል። የምላሱ ውፍረት የዘንጉን ውፍረት ሢሶ ያህል ይሆናል። ጉድጓዱን መጀመሪያ በትራፓኖ ደጋግመን በስተን አብዛኛውን እንጨት እናወጣለን፤ ግድግዳውን የሚያስተካክለው ግን መሮ ነው። ምላሱ በእጅ ግፊት የሚገባ፣ ዘንጉን ወደ ላይ ሲያነሡት ግን ወልቆ የማይወድቅ መሆን አለበት። በመዶሻ ካልተመታ የማይገባ ምላስ ኮላውን ጠርጎ ያወጣዋል፣ አንዳንዴም ጉድጓዱን ይሰነጥቀዋል። በማቀፊያው መሐል ያለው ሰሌዳ ደግሞ በቦይ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ኮላ አይነካውም። በበጋ ስንሠራው በግራና በቀኝ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ እንተውለታለን፤ ሰሌዳው ክረምት ሲያብጥ ወደዚያ ይገባል፣ ማቀፊያውን አይገፋም።

መሳቢያው ላይ ስደርስ ማሽኖቹን ሁሉ አጠፋለሁ። ጎኖቹ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው መሳቢያዎች ናቸው፤ ያም ቁመት ለእንጨቱ ስፋት ነውና በዝናብ ይጨምራል። በማሽን አንድ ልክ ሆነው የተቆረጡ ቢሆንም የሚገቡባቸው ክፍት ቦታዎች በፀጉር በፀጉር ይለያያሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ መሳቢያ ለራሱ ቦታ ይላጋል። ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ፣ ይነክሳል፤ አውጥቼ ጎኑን በመስኮት ብርሃን ላይ አጋድሜ ሳየው የተፋተገው ቦታ እንደ ሰም ያበራል። የመላጊያውን ምላጭ በትንሹ አውጥቼ በዚያ በሚያበራው ላይ ብቻ አንድ ጊዜ አሳልፋለሁ። ምላጩ በደንብ ከተሳለ የሚወጣው ፍቅፋቂ ጽሑፍ ቢያስቀምጡበት ከሥሩ የሚነበብበት ያህል ስስ ነው፤ ድምፁም ረጅምና ያልተቆራረጠ ነው። ከጅማቱ በተቃራኒ ከሄድኩ ግን ድምፁ ወዲያው ይሰባበራል፣ እንጨቱም ይነጫል፤ ያኔ መሳቢያውን አዙሬ ከሌላው ጫፍ እጀምራለሁ። እንደገና እገፋለሁ፣ እንደገና አያለሁ። በማሽን ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ማለፍ ከሚያስፈልገው በላይ ይወስዳል፤ የወሰደውን ደግሞ የሚመልስ የለም።

ምን ያህል ክፍተት ልተው? በጥር የምሠራው መሳቢያ ከላዩ ሁለት ሚሊ ሜትር ከዚያም በትንሹ የሚያልፍ ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ በነሐሴ የምሠራው ግን ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ ይበቃዋል፣ ምክንያቱም እንጨቱ ማበጡን ጨርሷል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መጥበብ ነው። ችግሩ ይህንን ለደንበኛ ማስረዳት ላይ ነው። በበጋ ዕቃውን ሊረከብ የመጣ ሰው ጣቱን በክፍተቱ ላይ እያሳለፈ «ይህቺ ለምን ከፈተች?» ይላል። ክፍተት የሌለው ዕቃ በመረከቢያው ቀን ያምራል፤ ስለዚህ ብዙ ወርክሾፖች ለመረከቢያው ቀን ይሠራሉ። እኔ ይህንን የሙያ ችግር ብቻ ነው አልልም፣ የአከፋፈል ችግርም ነው።

ኤምዲኤፍ የሚባለው የፋብሪካ ሰሌዳ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም የሚል አድማጭ ይኖራል። እውነት አለው፤ ጅማቱ ተፈጭቶ የተጨመቀ ስለሆነ በስፋቱ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ኩሽናም ሆነ መደርደሪያ በፍጥነት ይሠራበታል። ሆኖም ወለሉ በታጠበ ቁጥር እግሩ ውኃ የሚነካው የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን አብጦ ይቀራል፤ ዋንዛ ግን አብጦ ይመለሳል።

የሐጂ ቤት የቆየ የጭቃ ቤት ነው። ቁም ሳጥኑ የሚቆምበትን ማዕዘን በስኳድራ ስለካው ከቀጤ ማዕዘን ሰፋ ያለ ነው፣ ግድግዳውም ቱምቢ ሲንጠለጠልበት መሐሉ ላይ ሆዱ ወጥቷል። ከፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ሲቆም ከኋላው አይጥ የሚያድርበት ክፍተት ይተዋል። እኛ የቁም ሳጥኑን ጎን ትንሽ ተርፎ እንዲቆረጥ አድርገን ወሰድነው፤ በውኃ ልክ አስተካክለን ካቆምነው በኋላ እርሳስ በትንሽ ቁራጭ እንጨት ላይ አጋድመን በግድግዳው ላይ እያንሸራተትን ጉብታውን በጎኑ ላይ ጻፍነው፣ ከዚያም በመስመሩ በእጅ ላግነው። ለራስ ልክ ማሠራት ማለት በእኔ አስተያየት ከዲዛይኑ ይልቅ ይህቺ መስመር ናት። እርግጥ ማንም አያያትም።

እዚያው ሳሎን ውስጥ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተቀምጦ ነበር፤ ጅማ የምትታወቅበት ዓይነት። መጋጠሚያ የለው፣ ኮላ የለው፣ ሚስማር የለው። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ምንም ያህል ወጣ ገባ ቢሆን አይወዛወዝም፤ አራት እግር ያለው ግን ወለሉን ይለምናል። ረዳቴ በርጩማውን ገልብጦ ሲያይ የመጥረቢያው ጠባሳ ከሥሩ እንዳለ ነው፤ ከላይ፣ ሰው የሚቀመጥበት፣ ልስልስ ብሏል። ጠራቢው ጊዜውን የሚያጠፋበትንና የማያጠፋበትን ቦታ ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ወደ አከፋፈሉ ልመለስ። ሐጂ ዕቃቸውን ሲረከቡ፣ ከዋጋው አሥር ከመቶውን እንዳይከፍሉኝና ከመስቀል በኋላ መጥቼ መሳቢያዎቹን ካየሁ በኋላ እንዲሰጡኝ ነገርኳቸው።

«ብጠፋብህስ?» ብለው ሳቁ።

«ቁም ሳጥኑ ከቤትዎ በር አይወጣም፣ ሐጂ፤ ሠርቼ የገጣጠምኩት እቤት ውስጥ ነው» አልኳቸው።

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይህንን አሠራር አልወደዱትም፤ ኮላውንና ቫርኒሹን የሚሸጥልን ነጋዴ እስከ መስቀል አይጠብቀንም ይላሉ፣ ትክክልም ናቸው። አሥር ከመቶ ላይ የቆምኩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ ብይዝ የቁሳቁሱን ዕዳ መሸፈን አልችልም። በመጪው በጋ ግን ትዕዛዝ በምንቀበልበት ወረቀት ላይ፣ ከቁመቱና ከስፋቱ ቀጥሎ፣ ዕቃው የሚሠራበትን ወርና በዚያ ወር የምንተወውን ክፍተት የሚገልጽ መስመር እንጨምራለን።